ከፈተናው እስከ ካርዱ፦ የሰኔን ሳምንታት ከ4ኛ ክፍል ልጆች ጋር እንዴት እንደተጠቀምንባቸው

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ14 ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁትም የ4ኛ ክፍል ስም ጠሪ ሆኜ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ለጀማሪ መምህራንና ሰኔ 30 ቀን የልጆቻቸውን ካርድ ለመቀበል ለሚመጡ ወላጆች ሲሆን፣ የማነሣው ጉዳይ የማጠቃለያው ፈተና ካለቀበት ቀን አንሥቶ ካርድ እስከሚታደልበት ቀን ድረስ ያሉትን ሳምንታት ነው። እነዚህ ሳምንታት በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ባዶ ጊዜ ይቆጠራሉ። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ስቆጥራቸው ኖሬ፣ ኋላ ግን ከዓመቱ ሁሉ ልጆቹን በሚገባ የማውቅባቸው ቀናት እነርሱ ሆነው አገኘኋቸው።

ልማዱ የታወቀ ነው። ተማሪው «ፈተና ጨርሰናል» ብሎ ደብተሩን ቤት ትቶ ይመጣል፤ ወላጅም «ፈተና ካለቀ ሄደህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ያስቀረዋል። መምህሩ ደግሞ ወረቀት ማረም፣ ውጤት መደመር፣ ሮስተር (የክፍሉ ተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ መዝገብ) መሙላትና ካርድ መጻፍ አለበት። በዚያ ላይ ሰኔ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተናዎች የሚሰጡበት ወር በመሆኑ፣ ክፍሎቹም ፈታኝ መምህራኑም ወደዚያው ይዞራሉ፤ የታችኞቹ ክፍሎች ቀን እያጠረ ይሄዳል። የመጡት ልጆች ግቢውን ሲያስሱ ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ በየበረንዳው ተጣበው ይቆማሉ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ አልኩ። ልጆቹ መምጣታቸውን አላቋረጡም ነበር። መጋቢ እናቶች በየቀኑ ቁርስና ምሳ ስለሚያቀርቡ፣ ከ52 ተማሪዎቼ መካከል ፈተና ካለቀ በኋላም ከ40 የማያንሱት ይመጡ ነበር። ልጆቹ በጠዋቱ ተነሥተው፣ ጭቃ ረግጠው ደጃችን ደርሰዋል፤ የምናስተምራቸው ነገር ያላዘጋጀነው እኛ ነበርን። ይህን ካሰብኩ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ ከበደኝ።

መነሻ የሆነኝ ግን የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። የፈተና ወረቀቶችን ታቅፌ ወደ መምህራን ማረፊያ ስሄድ አግኝታኝ «ቲቸር፣ ወረቀታችንን መቼ ነው የሚመልሱልን?» አለችኝ። የማጠቃለያ ፈተና እንደማይመለስ፣ ቅሬታ ቢመጣ ለማመሳከሪያ እንዲሆን ታስሮ እንደሚቀመጥ ነገርኳት። «ታዲያ የተሳሳትኩትን በምን አውቃለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። ልጁ በዓመቱ ውስጥ ከሚጽፋቸው ወረቀቶች ሁሉ ረዥሙንና በጥንቃቄ የተሠራውን ዳግመኛ እንዳያየው አድርገን፣ በምትኩ አንድ ቁጥር ሰጥተነው ነበር ወደ ክረምት የምንሸኘው። ወደ ዩኒት መሪያችን ሄጄ ወረቀቶቹን ክፍል ውስጥ ለሁለት ክፍለ ጊዜ ላሳያቸውና መልሼ ቆጥሬ ላስረክብ ፈቃድ ጠየቅሁ። ያለ ችግር ተፈቀደልኝ። ለካስ ከልካይ ኖሮ ሳይሆን የጠየቀ ሰው ጠፍቶ ኖሯል።

የመጀመሪያው ዓመት ሙከራዬ ግን አልሠመረም። ወረቀቶቹን ከነድምራቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እንደተጻፈባቸው አደልኩ። ልጆቹ ያዩት ያችን ቁጥር ብቻ ነበር። ከፍ ያለ ያገኘው ወረቀቱን ለጎረቤቱ ዘረጋ፤ ዝቅ ያለ ያገኘው አጥፎ ከዴስኩ ሥር ደበቀ፤ አንዲት ልጅ እስከ ዕረፍት ሰዓት አለቀሰች። ጥያቄዎቹን መለስ ብሎ ያየ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ድምሩን በማርክ ሊስቱ ላይ ብቻ እጽፋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የተሳሳተውን ጥያቄ ቁጥር በእርሳስ ከመክበብ በቀር ምንም አላሰፍርም። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ከተከበቡት ጥያቄዎች ሁለቱን መርጦ በፈተናው ቀን ምን አስቦ እንደጻፈ ለጓደኛው ያስረዳል። ትክክለኛውን መልስ ወደ ማግኘት የምንሄደው ከዚህ በኋላ ነው። በክፍሉ ውስጥ እየዞርኩ የምጠይቀውም «ምን አስበህ ነው እንዲህ ያልከው?» የሚለውን ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ያለ ቁጣ፣ በእውነት ለማወቅ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ልጆች የጥያቄውን ድምፅ ወዲያው ይለዩታል።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ እጁን እምብዛም የማያወጣ ልጅ ነበረኝ። ከ503 ላይ 278 ሲቀነስ 375 ብሎ ጽፏል፤ ትክክለኛው መልስ 225 ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን «መቀነስ አይችልም» ብዬ አልፈው ነበር። እንዴት እንደሠራው አሳየኝ ስለው ጣቱን ከቁጥሮቹ ሥር እያስኬደ፣ «ከስምንት ላይ ሦስት ሲቀነስ አምስት፤ ከሰባት ላይ ዜሮ ሲቀነስ ሰባት፤ ከአምስት ላይ ሁለት ሲቀነስ ሦስት» አለኝ። በቅነሳው አንድም ስህተት የለበትም። ከታች ካለው ላይ የላይኛውን ለምን እንደቀነሰ ስጠይቀው፣ ጥያቄዬ አስገርሞት «ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም ተብለናል እኮ» አለ። እውነቱን ነው፤ ተብሏል። 1ኛ ክፍል ሳለ ነገሩን ለማቅለል የተነገረውን ደንብ በታማኝነት ይዞ 4ኛ ክፍል ደርሷል። «ከጎረቤት ቤት መበደርን አልተማርክም?» ስለው ደግሞ፣ «የተበደርነውን መቼ እንደምንመልስ ስላልገባኝ ተውኩት» አለኝ። ይህን ስሰማ ለዓመታት ሳልመረምረው ስደጋግመው የኖርኩት ቃል ከየት በኩል እንደሚያሰናክል ታየኝ። በቤቱ የተበደሩትን መመለስ ግዴታ መሆኑን እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ሒሳብ ላይ ሲደርስ የማይመለስ ብድር ሲያጋጥመው ግራ ቢጋባ አያስወቅሰውም።

ከአሮጌ ደብተር ሽፋን የብር ኖት ቆርጠን ሠራን። ለልጁ አምስት ባለ መቶና ሦስት ባለ አንድ ብር ሰጠሁት፤ ጓደኛው ባለሱቅ ሆኖ 278 ብር ጠየቀው። ስምንት ብር ለመክፈል ያለው ሦስት ብር ብቻ ነው። «ዘርዝራ!» አለው ባለሱቁ። ባለ አሥር ስለሌለው አንዱን መቶ በአሥር ባለ አሥር ዘረዘረ፤ ከእነርሱም አንዱን በአሥር ባለ አንድ ዘረዘረ። አሁን በእጁ አራት ባለ መቶ፣ ዘጠኝ ባለ አሥር፣ አሥራ ሦስት ባለ አንድ ሆነ። ከፍሎ ሲጨርስ የቀረውን ቆጠረ፤ ሁለት መቶ ሃያ አምስት። ወረቀቱን ለረዥም ጊዜ ተመለከተና ሳልጠይቀው ቁጥሩን ከጎኑ ጻፈ። ከ400 ላይ 156 ቀንስ ስለው ኖቶቹን ሳይነካ 244 አለኝ። በዚያው ቀን ሌሎቹን ወረቀቶች ስፈትሽ በትክክል ይህንኑ ስህተት የሠሩ 11 ልጆች አገኘሁ። ዓመቱን ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ክፍል ውስጥ «ተበደሩ» ማለትን ትቼ «ዘርዝሩ» እላለሁ፤ ከሱቅ ስለሚያውቁት ወዲያው ይገባቸዋል።

በአማርኛው ወረቀት ላይ የተገኘው ደግሞ ወደ እኔው የሚመለስ ነበር። «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ በጣም ብዙ ልጆች ስተውታል፤ ሲያስረዱ ግን ታሪኩን በደንብ እንዳነበቡት ታወቀ። «ያልሆነው» የምትለዋን ቃል ዘለዋታል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉትን ቃላት አሰምርባቸዋለሁ፤ የንባብ ችሎታን ለመለካት የሚወጣ ጥያቄ የጥድፊያ ወጥመድ መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሮስተር ልናገር። ብዙ መምህራን እንደ ሸክም ብቻ ያዩታል፤ አድካሚነቱን አልክድም። የሁሉም ትምህርት ዓይነት መምህራን ውጤት ይሰበሰባል፣ የሁለቱ ሴሚስተሮች አማካይ ይወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ ከ50 በታች የሆነው በቀይ ይጻፋል፤ ሥርዝ ድልዝ ደግሞ አይፈቀድም። እኔ የተከታታይ ምዘናውን ውጤት ግንቦት ሳያልቅ መዝግቤ ስለምጨርስ፣ በሰኔ የሚቀረኝ የማጠቃለያው ብቻ ነው፤ ለልጆቹ ጊዜ ያገኘሁትም በዚህ ነው። ስሞላም ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ነው፤ አንዱ ስምና ውጤት ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሌላው ከረድፉ ሥር ማስመሪያ አስደግፎ ይጽፋል፤ ከዚያ ሚናችንን ተለዋውጠን እንፈትሻለን። ይህን ጥንቃቄ የተማርኩት በጥፋት ነው። አንድ ዓመት ስማቸው ከነአባታቸው የሚመሳሰል ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ማታ ብቻዬን ስሞላ ረድፋቸውን አቀያየርኩት። አንደኛው ልጅ ያልሠራውን ዝቅተኛ ውጤት ይዞ ቤቱ ገባ። አባቱ ከሦስት ቀን በኋላ መጥተው ልጁ ከቤት አልወጣም ብለው ሲነግሩኝ፣ ስህተቱን በሮስተሩ ላይ አግኝቼ በርዕሰ መምህሩ ፊርማ አሳረምኩ፤ በዚያኑ ቀን እቤታቸው ድረስ ሄጄ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ያን ፊት ዛሬም አልረሳውም።

ሮስተሩን በጥሞና ለሚያነብበው ግን የሚናገረው አለ። በእኛ ትምህርት ቤት 60 ከመቶው በተከታታይ ምዘና፣ 40 ከመቶው በማጠቃለያ ፈተና ይያዛል። በአብዛኞቹ ልጆች ሁለቱ ውጤቶች ተመጣጣኝ ናቸው። አንዲት ልጅ ግን በሒሳብ ከ60 ያገኘችው 26 ሆኖ ሳለ፣ ከ40 ያገኘችው 34 ነበር። ኮርጃ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ቀላል ነው፤ ወረቀቷን ሳየው ግን ስሌቱ በሙሉ የራሷ እጅ ሥራ ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ በዓመቱ ውስጥ የምንሰጣቸውን ቴስቶች ወረቀት ለመቆጠብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ማጠቃለያው ግን ታትሞ በእያንዳንዱ ልጅ እጅ ይገባል። ደብተሯን አስመጣኋት። በሰሌዳው ላይ 38 የነበረውን 33፣ 61 የነበረውን 81 ብላ ገልብጣለች፤ በገለበጠችው ቁጥር መሠረት ግን መልሶቿ ትክክል ናቸው። በር አጠገብ አቁሜ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቀን አንብቢልኝ አልኳት። ዝም አለች። አንድ እርምጃ ቅረቢ፣ አሁንም አንድ፤ በሦስተኛው እርምጃ አነበበች። እናቷን አስጠርቼ ስነግራቸው «ቴሌቪዥን ሥር ተለጥፋ ስታይ ሁልጊዜ እቆጣት ነበር» ብለው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከጤና ጣቢያ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ተልካ መነጽር ታዘዘላት። ወላጆችም ሆናችሁ መምህራን፣ ልጁ ከሰሌዳ በሚገለብጠውና በወረቀት በሚሰጠው ሥራ መካከል ሰፊ ልዩነት ካያችሁ ከስንፍና አስቀድሞ ዓይኑን አስቡ።

የቀረውን ጊዜ ምን ይሠራበት ለሚለው፣ የሰኔ ዝናብ ራሱ የአካባቢ ሳይንስ መምህር ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ከትከሻው ላይ ቆርጠን፣ የላይኛውን ክፍል ገልብጠን እንደ ማጥለያ ከተትንበት። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምረን፣ ጠጠሩን እስኪሸፍን ውኃ ሞልተን፣ ያ መስመር ዜሮ ይሁን ተባባልን፤ ከዚያ በላይ በሚሊ ሜትር የተከፈለ የወረቀት ማስመሪያ በፕላስተር ለጠፍን። የመጀመሪያው ቡድን ዕቃውን ከአሸንዳው ሥር አስቀምጦ ኖሮ በማግስቱ ሞልቶ ፈስሶ ተገኘ። ሁለተኛው ቡድን «ይሄ የጣራው ዝናብ እንጂ የሰማዩ አይደለም» ሲል የተነሣው ክርክር፣ ከማንኛውም ማብራሪያዬ የተሻለ ትምህርት ሆነ። ከግቢው መካከል፣ ከዛፍና ከግድግዳ ራቅ ባለ ቦታ ተተከለ። ሁለት ሁለት ልጆች በየተራ ጠዋት በ2 ሰዓት እያነበቡ በግድግዳ ወረቀት ላይ ባር ግራፍ ሠሩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ድምፅ ስለማይሰማ፣ ለዚያ ሰዓት የጽሑፍና የሥዕል ሥራ አስቀድሜ አዘጋጃለሁ፤ ሰሌዳው ጥግ ላይ «ዝናብ ሲመጣ የምንሠራው» ተብሎ ተጽፎ ስለሚቆይ ልጆቹ ሳይነገራቸው ይጀምራሉ።

ሌላው ስለ ጠቡ ነው። በትምህርት ቤት ግቢ ያደገ ሁሉ «ሰኔ 30 እንገናኛለን!» የምትለዋን ማስፈራሪያ ያውቃታል። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቂም፣ ቅጣት አይደርስብንም ተብሎ በሚታሰብበት በመጨረሻው ቀን፣ ከበር ውጭ በቡጢ ይወጣል። ለብዙ ዓመታት እኛም የምናደርገው በዚያ ቀን በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነበር። አሁን ፈተናው ባለቀ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቹ ራሳቸው ሦስት ሽማግሌዎች እንዲመርጡ አደርጋለሁ። የተቀያየሙት ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። አንድ ጊዜ የቀረበው ጉዳይ ኅዳር ላይ የተሰበረ ማስመሪያ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ የተያዘ ነገር ነው። የሰበረው ልጅ «ሆን ብዬ አይደለም» አለ፤ ባለቤቱ ደግሞ «ማስመሪያው አይደለም የከፋኝ፤ እየሳቀ ስለሄደ ነው» አለ። ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ፤ ኅዳር ላይ ቢጠየቅ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ትንንሾቹ ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ሰባሪው ስለ ሳቁ ይቅርታ እንዲጠይቅና እስከ ዓመቱ መጨረሻ በራሱ ማስመሪያ ሁለቱም እንዲጠቀሙ ፈረዱ። «አውፍ በለኝ» አለ አንደኛው፤ «ይቅር ለእግዜር» አለ ሌላው። ሁሉም ጉዳይ ግን ለልጆች ሽምግልና አይሰጥም። በጉልበት ገንዘብ የሚቀማ፣ ታላቅ ወንድሙን አምጥቶ የሚያስደበድብ፣ ወይም ልጅ በአደባባይ ሊናገረው የሚያፍርበት በደል ካለ፣ ከወላጅ ጋር ለብቻ የሚያዝ የአዋቂ ሥራ ነው።

ወደ ካርዱ ልምጣ። በዚያ ቀን ከበር እስከ ክፍል የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣ?»። ደረጃን ማስቀረት በእጄ አይደለም፤ በካርዱ ላይ ቦታ አለው፣ ወላጅም ይጠብቀዋል። ነገር ግን ምን ያህል እንደማይናገር ማሳየት እችላለሁ። አንድ ዓመት በክፍሌ 11ኛ በወጣውና 20ኛ በወጣው ልጅ መካከል የነበረው የአማካይ ልዩነት 3 ነጥብ አይሞላም ነበር። አንድ ቴስት ቀን የታመመ ልጅ ዘጠኝ ደረጃ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ወላጅ ሲቀርብ መጀመሪያ ካርዱን አልሰጥም። ልጁ በዚህ ዓመት መሥራት የጀመረውን አንድ ነገር ራሱ ያሳያል፤ ካርዱ ቀጥሎ ይመጣል።

የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ልጁ ከ52 ተማሪዎች 38ኛ ነው። «ስንተኛ ሆነልኝ መምህር?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «እማማ፣ ትንሽ ያንብብልዎትና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ጥር ላይ ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ ቃሉ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን የሚረሳ ልጅ ነበር። ከአማርኛ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ሳያቋርጥ፣ ነጥቡ ላይ ድምፁን እየጣለ አነበበላቸው። ማንበብ የማይችሉት አያቱ እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው «እደግ፣ ተመንደግ» እያሉ መረቁት። ደረጃውን ስነግራቸው ሰሙኝ፤ ነገር ግን ሲወጡ ለጎረቤታቸው ያወሩት ስለ ንባቡ ነበር።

ካርዱ ላይ ለአስተያየት ያለው ቦታ አንድ መስመር ነው፤ በዚያ ላይ «ጎበዝ ነው፣ ይበርታ» ከማለት ሌላ አይገባም። እኔ ግማሽ ወረቀት አያይዛለሁ። ለምሳሌ እንዲህ እጽፋለሁ፤ «ታሪክ ሳያቋርጥ ያነብባል። ያነበበውን በራሱ ቃል መተረክ ይቀረዋል። በክረምቱ ማታ ማታ ያነበበውን እንዲያወራችሁ ጠይቁት።» ለ52 ልጅ ይህን መጻፍ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ የወረቀት ምልከታው ሳምንት ማስታወሻ ከያዝኩ ግን ልጁን ስስለው ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ሐምሌና ነሐሴ ረዥም ናቸው፤ ንባቡ ገና ያልጸና ልጅ መስከረም ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገኛል። ልጆቹ ካለቁ ደብተሮች ባዶ ቅጠሎችን ሰብስበው በመርፌና ክር የሚሰፉት የክረምት ደብተር አለን፤ ለሳምንት አንድ ገጽ፣ በድምሩ ዘጠኝ ገጽ። የሚጻፈው ከቤትና ከሰፈር የሚገኝ ነው፤ ከአያት ወይም ከጎረቤት የተሰማ ተረት፣ አምስት እንቆቅልሾች ከነመልሳቸው፣ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ በየሳምንቱ። በክረምት ቆሎ የሚሸጡ ወይም ሊስትሮ የሚሠሩ ልጆች አሉኝ፤ እነርሱ የቀን ገቢና ወጪያቸውን ይጽፋሉ፤ ከማንኛውም የሒሳብ መልመጃ የበለጠ እውነተኛ ነው። ነሐሴ 13 ለቡሄ «ሆያ ሆዬ» ብለው የዞሩት ያገኙትን ለስንት እንደተካፈሉና ትርፉን ምን እንዳደረጉት ይጽፋሉ። ቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ የሚሄድ ልጅ በዚያ የተማረውን አንድ ነገር ያሰፍራል። መጽሐፍ ለሌላቸው፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለወላጆች እነግራለሁ፤ ከጉለሌ ብዙም ስለማይርቅ ይዘዋቸው የሄዱ አሉ። መስከረም ላይ ደብተራቸውን ሞልተው ያመጡት ባለፈው ዓመት 23 ነበሩ። ያላመጣውን አልወቅስም።

በመጨረሻ የማደርገው ለ5ኛ ክፍል ስም ጠሪዋ የምጽፈው ማስታወሻ ነው። ስለ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ብቻ ይዟል፤ ውጤት የለበትም፣ እርሱን ከሮስተሩ ታገኘዋለች። «መቀነስ ሲያቅተው ዘርዝር በሉት።» «ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ጥቂት ቢታገሡት ይመልሳል።» «እነዚህ ሁለቱ በማስመሪያ ተጣልተው ታርቀዋል፤ አብረው ቢቀመጡ ደስ ይላቸዋል።» መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ክፍሏ ጎራ ስል፣ ያቺ ልጅ መነጽሯን አድርጋ ከፊት ወንበር ተቀምጣ አየኋት። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ እርሷ ትገለብጣለች፤ ከትከሻዋ በላይ አጮልቄ ደብተሯን ተመለከትኩ። ቁጥሮቹ ሁሉ እንደ ሰሌዳው ነበሩ።